የሟች ወንበር

ማስታወቂያውን ያየሁት ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ ነው፤ የፎቶ ኮፒ ቤት መስታወት ላይ ተለጥፎ። የምናባዊ ልቦለድ አጻጻፍ የክረምት ዎርክሾፕ፣ ስምንት ቅዳሜ፣ ዕድሜ አይገድብም ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል አመልካቾች ከአሥር ገጽ ያልበለጠ የራሳቸውን ታሪክ ይዘው እንዲቀርቡ ያሳስባል። ታክሲው መጥቶ ሞልቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ደግሜ አነበብኩት።

የራሴ ታሪክ አልነበረኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ባዮሎጂ ነው፤ ከፈተና ጥያቄና ከመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ቤቴ ውስጥ የነበረው የባለቤቴ ታሪክ ነው፤ ዘጠኝ ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሊፈርስ ዕቃ ስሸክፍ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አገኘሁት።

አምኃ የአሳንሰር ቴክኒሽያን ነበር። ከባምቢስ እስከ መስቀል አደባባይ ባሉ ፎቆች ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲሠራ ኖረ። አምና በግንቦት አረፈ። ሕመሙ አጭር ነበር። ስለ ሕመሙ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከሞተ ወዲህ ስለ አምኃ የሰማሁት በጎ በጎውን ብቻ ነው። በሟች ላይ ክፉ አይወራም፤ እኔም በሰው ለቅሶ ቤት እንደዚያው ሳደርግ ኖሬያለሁ። ግን የመጣው ሁሉ ተራ በተራ ደግ፣ ትሁት፣ ቁጣ የማያውቅ እያለ የሚያወራልኝ ሰውዬ እኔ ያገባሁት ሰውዬ አልነበረም። እኔ ያገባሁት ወጥ ጨው ሲያንሰው ሰሃኑን ገፍቶ የሚነሳ፣ ቀጠሮ የማያከብር፣ አንድ ብሎን እምቢ ሲለው በጣሊያንኛ የሚሳደብ ሰው ነው። በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ከሰዎቹ ጋር አዎ፣ አዎ እያልኩ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ሲቆጣ ድምፁ እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞክሬ አልመጣልኝም። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያው ፊት ቆሜ ያሰብኩት ቀላል ነገር ነው። አምኃን የማያውቁ፣ መሞቱንም ያልሰሙ ሰዎች የጻፈውን አንብበው ያብጠለጥሉታል፤ ልክ በሕይወት እንዳለ ሰው። ለዚያ ደግሞ መሞቱን ማንም ማወቅ የለበትም። ዘጠኙን ገጽ አስተይቤ ከላይ የራሴን ስም ጻፍኩበት፤ ጀማነሽ ብዬ። ስርቆት መሆኑን አውቃለሁ።

*

ዎርክሾፑ የሚካሄደው ከኡራኤል ወደ ቂርቆስ በሚወስደው መንገድ፣ ክረምት ክረምት በሚዘጋ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሕንጻው አሳንሰር አለው። እኔ በደረጃ ነው የምወጣው።

አስተማሪዋን ጨምሮ ሰባት ነበርን። አስተማሪያችን ልደት ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ውጭ አገር እንዲህ ባለ ዎርክሾፕ ስድስት ሳምንት ተቀምጣ የተመለሰች፣ ስትናገር እጇን ኪሷ የምትከት ልጅ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች፤ "ቢሆንስ?"። ሥራችሁ ይቺ ናት አለችን። ከዓለም ሕግ አንዷን ብቻ ለውጡ፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተዉት፣ ከዚያ ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ በትዕግሥት ተመልከቱ። ይሄ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ቤተ ሙከራ ውስጥም የምንሠራው ይህንኑ ነው።

የሌሎቹን ታሪክ ስሰማ ግን ተገረምኩ። ኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፈው ፍሬአብ ሾፌር አልባ ሚኒባስ ላይ ስለቀረ ወያላ ጽፏል፤ መኪናው ሁሉን ነገር ራሱ ያውቃል፣ ወያላው ግን በር ላይ ተንጠልጥሎ መጥራቱን አልተወም። ቦሌ መንገድ ፋርማሲ ያላት ራቢያ የአንድ ሰው ስም ብቻ ስለሚያስረሳ ሽሮፕ ጽፋለች። ጡረታ የወጡት አቶ ዋቅጅራ ጨረቃ ላይ እድር አቋቁመው፣ አየር በሌለበት ድንኳን እንዴት እንደሚተከል አሥር ገጽ ተጨንቀውበታል። በቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ መስታወቱን እየመታ፣ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው በዚህ ነገር ሲጨነቁ ማየት ደስ ይል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታሪኩ የሚተች ሰው መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ስለ ጽሑፉ ሲነጋገሩ እሱ ትንፍሽ አይልም፣ አይከራከርም፣ አያብራራም። ልደት ይህን ስትነግረን ፍሬአብ ሳቀ። "በቃ ሞቷል ማለት ነው" አለ። ከዚያ ወዲያ ወንበሩ የሟች ወንበር ሆነ፤ እዚያ የተቀመጠውም ሟች ተባለ።

ጉዱ የመጣው በዚህ ስም ነው። መጀመሪያ የተቀመጠው ራሱ ፍሬአብ ነበር። ልደት አስተያየት ስትጠይቅ አንዱ ተነስቶ እጅግ ጥሩ ነው አለ። ሌላዋ ከዚህ በላይ ምን ሊጻፍ ይችላል አለች። አቶ ዋቅጅራ በዚህ ዕድሜው እንዲህ መጻፉ የወላጆቹ አስተዳደግ ነው ብለው መረቁት። ልደት ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። "ለቅሶ ቤት ነው እንዴ ያለነው?" አለች።

"ልጄ፣ አንዴ ሞቷል ካላችሁን በኋላ ክፉ እንዴት ይወራል?" አሉ አቶ ዋቅጅራ። ቀልዳቸውን አልነበረም።

ከዚያ ልደት ደንብ አወጣች። አንድ ጉድለት ሳይናገር የሚያመሰግን ሰው ለሁሉም ሳንቡሳ ይገዛል። አቶ ዋቅጅራ ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ ገዙ። በሦስተኛው ለመዱት።

ሦስተኛው ቅዳሜ የእኔ ተራ ነበር። ማለቴ የአምኃ።

*

የአምኃ ታሪክ "አሥራ አራተኛ ፎቅ" ይባላል። ካዛንቺስ ውስጥ ዘጠኝ ፎቅ ደርሶ የቆመ ሕንጻ አለ፤ ጣሪያው ላይ ፌሮው ተገትሮ የቀረ። ፀሃዬ የሚባል ቴክኒሽያን አሳንሰሩን ሊጠግን ይላካል። ሲሞክረው አሳንሰሩ ዘጠነኛው ላይ አይቆምም፤ ይወጣል። በሩ የሚከፈተው ገና ያልተሠራው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ሰው ይኖራል። አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ ከበስተኋላዋ በመስኮት ከአርባ ዓመት በኋላ ያለችው ካዛንቺስ ትታያለች። ፀሃዬ ተመልሶ እንዳይዘጋበት በሩ መሃል ጋዜጣ አጥፎ ያስቀምጥና ይገባል። ከዚያ በየቀኑ ይመላለሳል። ሻይ ትሰጠዋለች፣ ውሎውን ይነግራታል። የመጨረሻው ገጽ "እዚህ ልቅር?" ብሎ ሲጠይቃት ያበቃል። መልሷ የለም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

የጀመረው ፍሬአብ ነው። አንቺ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር፤ አልተከፋሁበትም። "ማዘር፣ ማለቴ ሟች፣ አይዲያው አሪፍ ነው፤ ቆይ ጉድለት መጀመሪያ። ገመዱ ዘጠነኛ ላይ ካለቀ አሳንሰሩ በምን ይወጣል? በቃ በምትሃት? ሪሰርች አልተደረገም። አንድ ቴክኒሽያን ማናገር ነበረብሽ።"

ሠላሳ ዓመት ገመድ ሲቀባ የኖረ ሰው ሪሰርች አላደረገም ተባለ። ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩ። አምኃ ይህን ቢሰማ የሚለውን ሁሉ ሰማሁት፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁን፣ ከፍ ሲል መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቀውን። ለዚህ ነበር የመጣሁት።

አቶ ዋቅጅራ ባምቢስ አካባቢ ሃያ ዓመት የሕንጻ አስተዳዳሪ እንደነበሩና ቴክኒሽያን አሳምረው እንደሚያውቁ ተናገሩ። ይሄ ፀሃዬ የሚባለው ግን አይቆጣም፣ አያረፍድም፣ ነገ እመጣለሁ ብሎ አይቀርም፤ መልአክ ነው ወይስ ሠራተኛ? ብለው ጠየቁ። ደራሲዋ ባህሪውን አለስልሳዋለች አሉ። ቀጥለው ገጹን ገለጡ። ስለ ጋዜጣው ጠየቁ፤ ይቺን ከየት አመጧት? ሟች አይናገርም ብላ ልደት አስቆመቻቸው።

ራቢያ የመጨረሻ ነበረች። መነጽሯን አወለቀች። ፋርማሲዋ ውስጥ የሐኪም ማዘዣ ስታነብም እንዲህ የምታደርግ ይመስለኛል።

"ሴትዮዋ ሰው አይደለችም" አለች። "ሰባት ጊዜ ትናገራለች። ሰባቱንም ጊዜ የምትለው 'ጥሩ ነው' ነው። ደከመኝ ይላታል፣ ጥሩ ነው። ዛሬ ሰው ወደቀ ይላታል፣ ጥሩ ነው። አትሰማውም እኮ። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ልቅር ወይ ብሎ ሲጠይቃት መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሱ ጥያቄ አይባልም።"

ሌሎቹ ስለዚያ መነጋገር ቀጠሉ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ደንቡ ዝም በይ ስለሚል ዝም ማለቴ ለማንም እንግዳ አልነበረም።

*

አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። አምኃ እነዚያን ገጾች በሕይወት ሳለ ሰጥቶኝ ነበር። ዓመታት አልፈውታል። ማታ የፈተና ወረቀት ሳርም ጎኔ አስቀመጠልኝ፤ ስታርፊ እያት አለኝ። በማግስቱ ጠዋት እንዴት ነው ሲለኝ ጥሩ ነው አልኩት። የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ አልጨረስኩትም ነበር። ወረቀቱን አንስቶ ወሰደ፤ ሌላ ጊዜም አልሰጠኝም።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ሰባት ነው፤ ራቢያ አልተሳሳተችም። ግን አንድ ነገር ማወቅ አልቻልኩም። ሴትዮዋን እንዲህ አድርጎ የጻፋት ሴት መጻፍ ስለማይችል ነው፣ ወይስ በደንብ ስለሚችል? ወረቀቱን ለእኔ ከመስጠቱ በፊት ነው የጻፋት፣ ወይስ በኋላ ጨመረባት? የእጅ ጽሑፉን አውጥቼ በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ ሴትዮዋ የምትናገርባቸው መስመሮች ቀለማቸው ይለያል እንደሆነ። አንዳንዱ ይለያል፣ አንዳንዱ አይለይም። እስክሪብቶ ያልቃል፤ ይህ ማስረጃ አይሆንም።

በአራተኛው ቅዳሜ ልደትን አንድ ገጸ ባህርይ ምን እንደምትፈልግ በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅኋት። ጽፈው ሳይሆን ጠይቀው ነው የሚያገኙት አለችኝ። ደስ የማይል ጥያቄ ይጠይቋት፣ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። ለስድስተኛው ቅዳሜ የሴትዮዋን መልስ ጨምሬ እንድመጣ አዘዘችኝ። እኔ ግን የሰው ታሪክ ላይ እንዴት እንደምጨምር አላውቅም ነበር።

ያን ዕለት ስንወጣ ይዘንብ ስለነበር አቶ ዋቅጅራ በጃንጥላቸው እስከ ታክሲ መያዣው ሊሸኙኝ አብረውኝ ሄዱ። ኡራኤል አጥር ጥግ ስንደርስ ስለዚያ ጋዜጣ እንቅልፍ እንዳጡ ነገሩኝ። ቴክኒሽያኖች ሁሉ በሩን በእንጨት ወይ በመሣሪያ ነው የሚያግዱት፤ ጋዜጣ አራት ቦታ አጥፎ ሲያደርግ ያዩት በዕድሜያቸው አንድ ሰው ብቻ ነው። "አምኃ የሚባል" አሉ። "ያውቁታል እንዴ?"

"ባለቤቴ ነው።"

ፊታቸው በራ። "የእርስዎ ባለቤት! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እኮ አላየሁትም። ለመሆኑ ደህና ነው?"

ደህና ነው ብል ኖሮ ያበቃ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰውየው ጃንጥላውን ሙሉ በሙሉ ለእኔ አድርገው ትከሻቸው በስብሶ ቆመው ነው የጠየቁኝ፤ እንደዚህ ለቆመ ሰው ስለ ሞት መዋሸት አልሆነልኝም።

"አርፏል" አልኩ። "አምና። ታሪኩንም የጻፈው እሱ ነው።"

ጃንጥላው ወረደ። ሁለታችንም ላይ ዘነበ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ነፍስ ይማር አሉ፣ ደጋግመው። ከዚያ የፈራሁት መጣ። ያን የመሰለ ደግ ሰው፣ ያን የመሰለ ትሁት፣ ቁጣ የማያውቅ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ ፀሃዬ የተናገሩትን ሁሉ ይቅር እንድላቸው ለመኑኝ፤ አላወቅሁም እኮ አሉ፣ ሳላውቅ ነው የዘባረቅሁት። ቢያውቁ ኖሮ አንድም ቃል አይወጣቸውም ነበር። ለማንም እንዳይናገሩ አስማልኳቸው። ማሉ።

*

በሚቀጥለው ዓርብ ማታ ልደት ነገ ትምህርት የለም የሚል አጭር መልእክት ላከችልኝ። ምክንያት አልጻፈችም። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ካዛንቺስ ሲፈርስ የገባሁበት ኮንዶሚኒየም በር ተንኳኳ።

ስድስቱም ቆመው ነበር። ልደት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ራቢያ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ፍሬአብ ከላዩ ላይ የሆነ ጽሑፍ ያለበትን ጥቁር ቲሸርት ገልብጦ ለብሶታል፤ ስፌቱ ውጭ ነው፤ ሌላ ጥቁር ልብስ እንዳልነበረው ያስታውቃል። አቶ ዋቅጅራ ከኋላ ሆነው ዓይኔን ሸሹ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ለቅሶ ሰምቶ አለመድረስ ከመሃላ ይብሳል ብለው ነው ለልደት የነገሯት። ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

ገብተው በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ። እግዜር ያጽናዎት ተባለ። ራቢያ አላህ ሰብሩን ይስጥዎት አለች። ሕመሙ ምን ነበር ተብዬ በሁለት ቃል መለስኩ። ፍልሰታ ስለነበር ሻይና ዳቦ አቀረብኩ። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

ከዚያ ልደት ተናገረች። የሌላ ሰው ታሪክ በስሜ ማቅረቤን አንድ ጊዜም አላነሳችብኝም። ስለ አሥራ አራተኛ ፎቅ ነበር የምታወራው። ሲመለከቱት ትልቅ ሥራ ነው አለች፤ አንድ ቃል ሳይነካ፣ እንዳለ መታተም አለበት። ጎኗ የተቀመጠው ሰው ሴትዮዋ ራሷ ምስጢር አላት አለ። ፍሬአብ መሬት መሬት እያየ፣ "ገመዱም ራሱ ያን ያህል ችግር የለውም" አለ። ራቢያ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ሁለት ሳምንት አብሮኝ የቆየው ቁጡው አምኃ ክፍሉን ለቆ ሲሄድ ተሰማኝ። ትሁቱ ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ ቦታው ላይ ሊቀመጥ ነው።

"እንዲህ እንዳታደርጉ ነው የራሴን ስም የጻፍኩበት" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። ሻይ የያዙት ሁሉ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ደግ ነበር የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ዓመት ሙሉ ሰማሁት። እናንተ ጋ የመጣሁት ጥፋቱን ስለምትነግሩኝ ነው። ፍሬአብ ሪሰርች አላደረገም ሲለው አምኃ በቁጣ ሲመልስ ሰማሁት፤ እውነቴን ነው፣ በጆሮዬ። አሁን እናንተም ካመሰገናችሁት ሌላ የምሄድበት የለኝም።"

ልደት እጇን ኪሷ ልትከት ፈለገች፤ ቀሚስ ነው የለበሰችው፣ ኪስ የለውም። እሷም ምን እንደምታደርግ የምታውቅ አትመስልም ነበር።

ራቢያ ቦርሳዋን ከፈተች። ዘጠኙ ገጽ በቀይ እንደተሞነጫጨረ እዚያው ነበር። መነጽሯን አወለቀች።

"እውነቱን ልበል?"

"በይ።"

"ሰውየው ስለሞተ ሴትዮዋ አልተሻለችም" አለች። "አሁንም ሰው አይደለችም።"

"ኧረ ራቢያ!" አሉ አቶ ዋቅጅራ።

"ይተዉአት" አልኩ። ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው፤ ስለዚያች ማታ፣ ስለ ፈተናው ወረቀት፣ ሳላነብ ስለመለስኩት መልስ። ሴትዮዋ እኔ እንደሆንኩ ገመትኩ አልኩ። ራቢያ አልደነገጠችም። ገጹን ትንሽ አየችና፣ "እንግዲያው ቅሬታ ነበረው" አለች። "ቅሬታውን ግን አልጻፈውም። ፀሃዬ አንድ ጊዜ እንኳ ለምን አትሰሚኝም ቢላት ኖሮ ታሪኩ ይቆም ነበር። ፈራ። እዚህ ላይ ነው የወደቀው።"

አምኃ ፈራ። ይህን ስለሱ የተናገረ ሰው አልነበረም። ሳስበው እውነት መሰለኝ። ከእኔ ጋር ሲኳረፍ ፍርሃቱን ይሆን እንዴ ቁጣ ያደረገው? ይህን ራሱን ብጠይቀው ምን ይለኝ እንደነበር ማወቅ ፈለግሁ፤ በጣም ፈለግሁ።

ፍሬአብ ቀና አለ። "እና ገመዱ ግን ማዘር፣ አልሰሜን ግባ በለው ነው እንዴ? ችግር አለው እኮ።"

አሁን ወንበሩ ላይ ስላልነበርኩ መናገር እችል ነበር። "ገመዱን አላነበብከውም" አልኩት። "ገጽ ሁለት ላይ ተጽፏል። ሚዛኑ ተገልብጦ ወደ ላይ እንደሚስበው፣ መዘውሩ በስንት እንደሚዞር፣ ሁሉም አለ።"

ከራቢያ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለጠ። አነበበ። "አዎ አለ" አለ። "ግን ገጽ ሁለት ደባሪ ነው ማዘር። ዘልዬው ነው ያለፍኩት።"

"እኔም መጀመሪያ ዘልዬው ነበር" አልኩ።

አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ልደት ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማን መጀመሪያ እንደተናገረ አላስታውስም። ልደት ገጽ ሁለትን በሦስት መስመር ማሳጠር ይቻላል አለች። ራቢያ አምኃ የዕቃ ስም ሲጽፍ ጎበዝ ነው፣ ሰው ሲሆንበት ግን ይቸኩላል አለች። ነበር አላለችም፤ ነው አለች። ፍሬአብ መዘውሩን ዳቦው ላይ በቢላ ሥሎ አሳየን። ነጠላው ከልደት ትከሻ ወርዶ ወንበሩ ሥር ቀረ። ጎረቤቴ በሩን ከፍታ አየችን፤ ለቅሶ ነው ተብላ ነው የመጣችው፤ ጫጫታውን ሰምታ ቀስ ብላ መለሰችው።

አቶ ዋቅጅራ ብቻ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። እጃቸው ባርኔጣቸው ላይ ነው። ልደት አየቻቸውና ጋሼ፣ እርስዎስ ጉድለት የለዎትም ወይ አለቻቸው። የለኝም አሉ። ሳንቡሳ ይገዛሉ እንግዲህ አላቸው ፍሬአብ። ጣሪያውን አዩ። እኔን አዩ።

"እንግዲህ እሷም ካለች" አሉ። "አንድ ጊዜ አሳንሰር ውስጥ ቆልፎብኝ ሄዷል።"

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን።

እሳቸው ያስተዳድሩት የነበረው ሕንጻ አሳንሰሩ ተበላሽቶ አምኃ ሊሠራ መጣ። ከጨረሰ በኋላ ክብደት ስለሚያስፈልግ ግቡልኝና አምስት ደቂቃ ቁሙ አላቸው። ገቡ። አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሃል ላይ አቆማቸው። ጠበቁ። ተጣሩ። በሩን በጫማ ደበደቡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ረስቷቸው ምሳ ሊበላ ሄዶ ኖሯል። ተመልሶ በሩን ሲከፍት ይቅርታ እንኳ አልጠየቃቸውም፤ ከላይ እስከ ታች አይቷቸው፣ "በሉ አየር እንደሚገባ በዚሁ አረጋገጥን" ነው ያላቸው። አቶ ዋቅጅራ ይህን ሲናገሩ አሥራ ምናምን ዓመት ያደረ ንዴታቸው ተመልሶ አንገታቸው ቀላ። ፍሬአብ ከሳቁ የተነሳ ግድግዳውን ያዘ።

ያ አምኃ ነው። ዓይኑን እንኳ አየሁት።

"ምን በልቶ መጣ?" አልኩ።

"እንዴት?"

"ምሳ። ምን በልቶ ነው የመጣው?"

አቶ ዋቅጅራ ልደትን አዩ፣ ራቢያን አዩ፤ የሚረዳቸው ጠፋ። "ኧረ ይሄን እንኳ ይተዉኝ ወይዘሮ ጀማነሽ" አሉ።

"ይንገሩኝ።"

"ላዛኛ ነው" አሉ በዝግታ። "ሸሚዙ ላይ የሥጋ ሱጎ ነበር። ስቆጣው፣ ምን ላርግ ላዛኛው ዘግይቶ ወጣ አለኝ።"

"መቼ ነው?"

"ሁዳዴ ነበር" አሉ። ባርኔጣቸውን እያዞሩ፣ "ዓርብ መሰለኝ" ብለው ጨመሩ።

አምኃ ቤታችን ውስጥ ሁዳዴን አንድ ቀን ሽሮ አያውቅም። እኔ ራስ ምታት ይዞኝ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሻይ ብጠጣ ሦስት ቀን ያኮርፈኝ ነበር። ያን ሸሚዝም አስታወስኩት፤ ጸረ ዝገት ቀለም ነው ብሎኝ በነጭ ጋዝ ሳሸው የዋልኩት ነጭ ሸሚዝ። ደም ፊቴ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ። ከሞተ ጊዜ ጀምሮ ተናድጄበት አላውቅም ነበር፤ አሁን እፊቴ ቢቆም የምለውን ሁሉ አንድ በአንድ አውቀው ነበር፣ እሱም ምን ብሎ እንደሚመልስልኝ፣ በየትኛው ቃል ላይ ድምፁ እንደሚሰነጠቅ።

ሁሉም እኔን እያዩ ጠበቁ። ጥፋት የሠሩ መስሏቸው ፈርተዋል።

ወንበሬን አንስቼ አቶ ዋቅጅራ ፊት አስጠጋሁና ተቀመጥኩ።

"ሌላስ?" አልኳቸው።